ሰኔ 15፣ የገበያ ቀን

አያቴ የአውሮፕላን ድምፅ ስትሰማ የውሃ እንስራዋን ትከድን ነበር።

ያደግኩት ደሴ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን አንዳንድ ቀን በጦሳ ተራራ በኩል ያልፋል። እኛ ልጆቹ ወደ ደጅ ሮጠን እጃችንን እናውለበልባለን። እሷ ግን ከመደቧ ትነሳለች፣ ጓዳ ትገባለች፣ የእንስራውን አፍ በሰፌድ ትገጥማለች። ከዚያ ተመልሳ ቡናዋን ትቀጥላለች። ቤታችን ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እኔም የጠየቅኳት አስረኛ ክፍል ከገባሁ በኋላ ነው።

«ውሃውን ነው የሚመርዙት» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ቀሪውን በየጊዜው፣ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ነው የነገረችኝ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ጣልያን ደሴን ሲደበድብ ገና ልጅ ነበረች። የሣር ክዳን ቤቶች በተርታ ሲነዱ አይታለች። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ቦምብ ወርዶበታል። ንጉሡ ያን ቀን ከተማው ውስጥ ነበሩ፤ ከመትረየስ ኋላ ሆነው የተነሱት ፎቶ ዛሬም አለ። አባቷ ከዚያ በኋላ ወደ ማይጨው ዘመተ። ጦሩ ተፈትቶ ሲመለስ አሸንጌ ሐይቅ ዳር የመርዝ ጋዙ ወረደባቸው። ቤቱ የደረሰው እግሩ ተልጦ፣ ውሃ በጠጣበት አፉ ቆስሎ ነበር። ዓመት አልቆየም።

ስለዚህ ሰፌዱ ተራ ልማድ አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያልወጣ ፍርሃት ነበር።

ትምህርት ቤትም የተማርነው ይህንኑ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ንጉሡ ጄኔቭ ላይ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት፣ በአማርኛ ቆመው ተናገሩ። የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። አውሮፕላኖቹ በቡድን በቡድን እየተከታተሉ መርዙን እንደ ጉም እንዴት እንዳለበሱት ተናገሩ፤ ወታደሩንም፣ ሴቱንም፣ ሕፃኑንም፣ ከብቱንም፣ ወንዙንም፣ ግጦሹንም። አስተማሪያችን ይህን ሲነግረን ክፍሉ ፀጥ አለ። እኔ የአያቴን ሰፌድ አሰብኩ። ከሰማይ በሰላማዊ ሰው ላይ እሳት ማውረድ ምን ዓይነት ነውር እንደሆነ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ከቤት ይዤው ነው የመጣሁት።

ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አገራችን ውስጥ ብዙ ቦታ ስሙን ያገኘው ከገበያ ቀኑ ነው። ሐሙሲት፣ ሮቢት፣ አርብ ገበያ፣ ሰንበቴ። ባቲ ሰኞ መሆኑን የወሎ ሕፃን ያውቃል። ገበሬው ቀጠሮ ሲይዝ «በገበያ እንገናኝ» ይላል እንጂ ቀን አይጠራም። ሠርግ የሚጠራው፣ ለቅሶ የሚረዳው፣ ዕዳ የሚከፈለው፣ የታመመ ልጅ መድኃኒት የሚፈለግለት ገበያ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ የሚገኝበት ቀን እሱ ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ለማንም ምስጢር አይደለም። ቦታውን የሚያውቅ ሁሉ ቀኑን ያውቃል።

ሐውዜን ረቡዕ ነበር።

ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ረቡዕ ዋለ። ያ ጊዜ ደርግ ከአፍአበት ሽንፈት በኋላ የተደናገጠበት፣ የትግራይ ገጠር አብዛኛው ከእጁ የወጣበት ጊዜ ነው። በአውሮፕላን ፍርሃት ብዙ የትግራይ ገበያዎች በሌሊት ይቆሙ ነበር። ሰው በኩራዝና በጨረቃ እህል ይሸምታል፣ ሳይነጋ ይበተናል። ሐውዜን ግን የዚያን ዕለት በቀን ቆመ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከሩቅ በእግሩ መጣ። መጀመሪያ ሄሊኮፕተሮች መጥተው ዞሩ። ከዚያ ሚጎቹ መጡ። ድብደባው የአንድ ጊዜ አልነበረም። ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፤ ለሰዓታት። የሞተው ሰው ቁጥር እንደ ተናጋሪው ከ1,800 እስከ 2,500 ይደርሳል።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው፤ ከመጽሐፍም አይደለም። ዶርም ውስጥ ከእኔ በታች ባለው አልጋ የሚተኛ ልጅ ከሐውዜን አካባቢ ነበር። ዝምተኛ ነው። ሰኔ 15 ቀን፣ ፈተና ሊደርስ ሲል፣ ምሳ አልበላም አለ። አሞህ ነው ወይ አልኩት። ነገረኝ።

እናቱ በርበሬ ልትሸጥ ወጥታ ነበር። እሱ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከፍየሎቹ ጋር ቀረ። ጭሱን ከኮረብታው ላይ ሆኖ አየው። አባቱ ማታ ሄዶ ሲፈልግ አደረ። በመጨረሻ ያወቃት በጣሳዋ ነው። በርበሬ የምትሰፍርበት ጣሳ ነበረች፤ ጆሮዋ ላይ ገመድ አስራ ወገቧ ላይ ታንጠለጥላት ነበር። ጣሳዋ በአንድ በኩል ተጨራምታለች። አባቱ ይዟት መጣ። አልቀበሯትም፣ አልሰቀሏትም። ከዚያም በኋላ ቤት ውስጥ እህል የሚሰፈረው በሷ ነው።

እኔ ምን አልኩት? ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል። «ግን ወያኔ ራሱ ነው መረጃ ሰጥቶ ያስደበደበው ይባላል እኮ» አልኩት።

እናቱን በጣሳዋ ስለለየ ሰው ሲያወራኝ፣ የመጀመሪያው ከአፌ የወጣ ነገር ይህ ነበር።

አልተቆጣም። ትንሽ ቆይቶ «አያትህ ስለ ጣልያን ስትነግርህ፣ ማን ጠቆመ ብለህ ጠይቀሃታል?» አለኝ። አልጠየቅኳትም። ለመጠየቅም አላሰብኩም። ደሴ ውስጥ ንጉሡና የጦር አዛዦቻቸው ነበሩ እኮ። የጦር ሰፈር ነበር። ጣልያንም ያኔ እንደዚያው ነው ያለው። አያቴ ፊት ይህን ቃል የሚያወጣ ሰው ቢኖር ኖሮ በሰላም ከቤት አይወጣም ነበር።

ያቺን ከአፌ የወጣች ንግግር ብዙ ዓመት ሳብሰለስላት ኖሬያለሁ። ሰው እውነት ሆና ልትገኝ ትችላለች ብሎ እንዳይከራከረኝ፣ እውነት ናት ብዬ ልነሳ። አማፂው ሆን ብሎ የሐሰት መረጃ ሰጠ እንበል። ታጋዮቹ ገበያ ውስጥ ስብሰባ አላቸው ብሎ አስወራ እንበል። ይህ ከሆነ ያደረገው ሰው ከባድ ወንጀል ሠርቷል። እሺ። ከዚያስ? ቦምቡን የጫነው ማነው? የበረራውን ትእዛዝ የፈረመው ማነው? ቀኑ ረቡዕ መሆኑን የሚነግረው ሰው አልነበረም? ሄሊኮፕተሩ ቀድሞ ዞሮ ሲያይ ምን አየ?

ከሁሉም በላይ የሚቆረቁረኝ ደግሞ ሰዓታቱ ናቸው። የመጀመሪያውን ዙር ስህተት ነው እንበል። ከዚያ በኋላ ታች ያለው ነገር ሁሉ ተገልጧል። አህያ፣ ከረጢት፣ ሴት፣ የሚሮጥ ልጅ። ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ያልታወቀ ምን ነበር? ሦስተኛውስ? ተታልዬ ነው የሚለው ሰበብ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ነዳጅ ሞልቶ፣ ቦምብ ጭኖ የተመለሰን አብራሪ ማንም አላታለለውም።

ነገሩ የተጀመረው ከእኛ አይደለም፤ ግን ከእኛ ሩቅም አይደለም። በጦርነት ከአውሮፕላን ላይ የመጀመሪያው ቦምብ የተጣለው አፍሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911፣ በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ ጁሊዮ ጋቮቲ የሚባል የጣልያን አብራሪ ትሪፖሊ አጠገብ ትንንሽ ቦምቦችን በእጁ ወረወረ። ከአሥር ዓመት በኋላ የዚያው አገር ጄኔራል ጁሊዮ ዱዌ አንድ ሐሳብ አመጣ። የወደፊት ጦርነት የሚያልቀው ከተሞችን በመደብደብ ነው አለ። ሕዝቡ ይሸበራል፣ መንግሥቱን እጅ ስጥ ብሎ ያስገድዳል፣ ጦርነቱም ባጭሩ ያልቃል። በእሱ አባባል ይህ ርኅራኄ ያለበት ነገር ነው። ጥቂት ሰው በጭካኔ ገድለህ ብዙ ሰው ታድናለህ።

ይህ ሐሳብ ያለ ማንም ከልካይ የተሞከረው በእኛ ላይ ነው። ኢትዮጵያ የረባ አየር ኃይል አልነበራትም። የሙሶሊኒ ሁለት ልጆችና አማቹ ሳይቀሩ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሰማያችን ላይ በረዋል። ከደሴ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ የጀርመንና የጣልያን አውሮፕላኖች የስፔኗን ጌርኒካ አወደሙ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1937። ቀኑ ሰኞ ነው። ጌርኒካ የሰኞ ገበያ ነበረች።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ደጅ ወጣሁ።

እስከዚህ ድረስ ፋሺስትና ደርግ ናቸው፤ መፍረድ ቀላል ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሂትለር መሸነፍ ነበረበት። በዚህ ላይ ቅንጣት ጥርጥር የለኝም። በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞቻችን ጎን ተሰልፎ ጣልያንን ያስወጣው የእንግሊዝ ጦር ነው። ለንደንም ራሷ ተደብድባለች፤ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1940 ጀምሮ ለ57 ሌሊት በተከታታይ። ሕዝቡ ግን ዱዌ እንዳለው አልተሸበረም። በምድር ባቡር ዋሻ ውስጥ አድሮ ጠዋት ሥራ ገባ። እንግሊዞች ይህን በዓይናቸው አይተዋል። አይተውም ግን እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1942 የአየር ኃይላቸው የጀርመንን ሕዝብ ሞራል፣ በተለይ የፋብሪካ ሠራተኛውን፣ ዒላማ እንዲያደርግ አዘዙ። ሠራተኛው የሚገኘው ቤቱ ነው። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሚስቱና ልጆቹ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1943 ሃምቡርግ ላይ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ 40,000 የሚጠጋ ሰው አለቀ። ድሬስደን ላይ ወደ 25,000። ከዚያ አሜሪካኖች በማርች 1945 በአንድ ሌሊት ቶኪዮን አነደዱ፤ ከእንጨትና ከወረቀት የተሠራ ሰፈር ነበር። ወደ 100,000 ሰው ሞተ። ሂሮሺማ ገና አምስት ወር ይቀራታል።

የጀርመን የጦር መሣሪያ ምርት ከፍተኛው ደረጃ ላይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1944 አጋማሽ ነው፤ ከተሞቹ እየነደዱ። ግን በዚህ ክርክሩን ማሸነፍ አልፈልግም። ድብደባው ውጤት ቢያመጣስ ኖሮ ትክክል ይሆን ነበር? እኔ አይሆንም ነው የምለው። አንድን ሕፃን ለአባቱ መልእክት እንዲሆን ብለህ ካቃጠልከው፣ አባቱ መልእክቱ ደረሰው አልደረሰው፣ ያደረግከው ያው ነው።

በዚያ ዘመን ይህን በአደባባይ የተናገረ እንግሊዛዊ ነበር። ጆርጅ ቤል የሚባሉ ጳጳስ ናቸው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1944 በጌቶች ምክር ቤት ተነስተው የገዛ መንግሥታቸውን ጠየቁ። የጦር ፋብሪካ መምታት አንድ ነገር ነው፣ ከተማን በሙሉ ማውደም ሌላ ነገር ነው አሉ። የናዚ ወዳጅ አልነበሩም፤ ገና ከጅምሩ ናዚን ሲቃወሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ያኔ ግን አገር በሙሉ ከፋው። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሳይሆኑ የቀሩት በዚህ ንግግር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኚህን ሰው ሳስብ እቀናለሁ። ጠላትን ማውገዝ ማንም ይችላል። እሳቸው የተናገሩት ስለራሳቸው ወገን አብራሪዎች ነው፤ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ ጎረቤታቸው ልጁን ለዚያው ጦር ሰጥቶ እያለ።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አሸናፊዎቹ ኑረምበርግ ላይ ችሎት ተቀመጡ። የከተማ ድብደባ ጉዳይ ግን ተድበስብሶ አለፈ። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ሕጉ በደንብ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1977፣ በጄኔቭ ስምምነቶች ላይ በተጨመረው ፕሮቶኮል ነው። ኢትዮጵያም በ1986 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። ብዙ አንቀጽ አለው፤ ፍሬ ነገሩ ግን ለገበሬም የሚገባ ነው። ሰላማዊውን ከተዋጊው ለይ። ከተጠራጠርክ ሰላማዊ ነው ብለህ ቁጠረው። ጠላትህ ሰው መሃል ቢሸሸግ እንኳ የሰውየው መብት አይጠፋም። ሽፍታ ገበያ ውስጥ ስለገባ ገበያው ሽፍታ አይሆንም።

«ሆን ብለን አይደለም» የሚለውንም ሕጉ ዝም ብሎ አይቀበለውም። ለዚህ የእኛው አካባቢ ምስክር አለው። ግንቦት 28 ቀን 1990 የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌ ላይ አይደር ትምህርት ቤትንና አካባቢውን በክላስተር ቦምብ መቱ። በዚያው ቀን የእኛ አውሮፕላኖች የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ ደብድበዋል። አይደር ላይ ከ50 በላይ ሰላማዊ ሰው ሞተ፤ ከመካከላቸው ተማሪዎች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ተጎጂዎች ለማንሳት የሮጡትን ደግሞ ቀጣዩ ቦምብ አገኛቸው። በኋላ ጉዳዩን የመረመረው የካሳ ኮሚሽን ኤርትራ ትምህርት ቤቱን ሆን ብላ ዒላማ አድርጋለች አላለም። ነገር ግን ማድረግ የሚገባትን ጥንቃቄ ሁሉ አላደረገችም ብሎ ተጠያቂ አደረጋት። ይህን ውሳኔ እወደዋለሁ። ልብህን መርምሬ ክፋት ካላገኘሁ ነጻ ነህ አይልም። ምን ያህል ተጠነቀቅክ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ከዶርም ጓደኛዬ ጋር አልተለያየንም። ያን ቀን ማታ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከተመረቅን በኋላ እሱ መቀሌ ሥራ ያዘ። እኔ አዲስ አበባ ቀረሁ። በየዓመቱ ሰኔ 15 ጠዋት እደውልለታለሁ። ረጅም ወሬ አናወራም። ደህና ነህ፣ ደህና ነኝ፣ አባትህስ።

በ2013ም ደወልኩለት። የትግራይ ጦርነት ስምንተኛ ወሩን ይዟል። ድምፁ ደክሟል። የዚያኑ ዕለት፣ ሰኔ 15፣ ከመቀሌ በስተምዕራብ ያለችው ቶጎጋ ተደበደበች። ማክሰኞ ነበር። የቶጎጋ ገበያ ማክሰኞ ነው። የሞተው ሰው ከ50 በላይ ነው ተባለ። የሕክምና ባለሙያዎች አምቡላንሶቻችን እንዳያልፉ ተከለከልን አሉ። ሠራዊቱ በቃል አቀባዩ በኩል የተመቱት የሲቪል ልብስ የለበሱ ተዋጊዎች ናቸው፤ የሰማዕታት ቀናቸውን ሊያከብሩ ተሰብስበው ነው አለ። የሰማዕታት ቀን የሚውለው ሐውዜን በተደበደበችበት ቀን ነው። ልክ በ33 ዓመቱ፣ በቀኑ። ቁስለኞቹ የተወሰዱት አይደር ሆስፒታል ነው። በሳምንቱ መስመሩ ጠፋ። ዓመት ከመንፈቅ ድምፁን አልሰማሁም።

በዚያ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰማሁ። ቡና ቤት ውስጥ የድሮን ቪዲዮ በስልክ እየተቀባበሉ ሲያዩ የነበሩ ሰዎች አሉ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ። የዕድር አባል፣ የልጅ አባት። በኋላ ደግሞ ድሮኑ ወደ አማራ ክልል ዞረ። በነሐሴ 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ ቢያንስ 26 ሰው መሞቱ ተዘገበ። ያኔ ከእነዚያው ሰዎች አንዱ ስልኩን እንደያዘ ወደ እኔ መጥቶ «ይኼ ሰው አይደለም እንዴ?» አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ነግ በእኔ የሚባለው መጥቶ ነበር። ምን እንደምለው አጣሁ። አብሬው ተቀመጥኩ።

ድሮን ደግሞ የድሮውን ሰበብ ሁሉ የሚያሳጣ ነገር ነው። የሚግ አብራሪ በዚያ ፍጥነት ሲያልፍ ጥላ ብቻ ነው የማየው ሊል ይችላል። ድሮን ግን ይቆማል። ያንዣብባል። ካሜራ አለው። የሚያዘው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይመለከታል። ማን ከረጢት እንደተሸከመ፣ ማን ልጅ እንዳዘለ፣ ሰው በምን አቅጣጫ እንደሚሄድ ያያል። ይህን ያህል ማየት የሚችል ሰው ይህን ያህል ሊጠየቅ ይገባዋል። አሁን የምንሰማው ግን ከድሮው አንድ ቃል አልተለወጠም፤ «የጠላት ስብስብ ተመታ።» ዝርዝር የለም፣ ምርመራ የለም። የሟች ስም ዝርዝር የሚያነብልን የለም።

አያቴ ይህን ሁሉ ሳታይ ሞተች። ብታየው ኖሮ ማን ትክክል ነው ብላ የምትከራከር አይመስለኝም። ሐውዜን የት እንደሆነ እንኳ አታውቅም ነበር። ረቡዕ ገበያ ላይ ነው የወደቀባቸው ብላት ግን ይገባታል። ምክንያቱ ምን ነበር ብላ አትጠይቀኝም።

መስመሩ በ2015 ሲከፈት ወዲያው ደወልኩለት። አባቱ በመካከሉ አርፈዋል። በጥይት አይደለም፤ የስኳር መድኃኒት ጠፍቶ ነው። ስለ ቤቱ ጠየቅኩት። ገጠር ያለው ቤታቸው ተዘርፏል፤ በሩ እንኳ ተነቅሎ ተወስዷል። ጣሳዋስ ልለው ፈለግኩ፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሱ ራሱ አነሳው።

«ጣሳዋን አልወሰዷትም» አለኝ። «የተጨራመተች ጣሳ ማን ይፈልጋል? እርዳታ ስንዴ ሲመጣ እህቴ በሷ ስትሰፍር ነበር። ከጎረቤት ጋር ለመካፈል።»